ሠላሳ ላይ ቶሎ የደረሰችው ሴት

አንድ ጥያቄ ላስቀድም። መንገድ ዳር ሰሌዳ ተተክሏል፤ ሰሌዳው ላይ ሠላሳ ተብሎ ተጽፏል። አንዲት ሴት መኪናዋን አስነስታ፣ እናንተ አስነጥሳችሁ «ይማራችሁ» እስክትባሉ ድረስ ሠላሳ ላይ ደረሰች። ከዚያ በኋላ ቅንጣት አልጨመረችም። ይህች ሴት ሕግ ጥሳለች ወይስ አልጣሰችም?

ለመመለስ አትቸኩሉ። ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ አንድ የፖሊስ ጣቢያ በሙሉ በዚህ ጥያቄ ሲላብ አይቻለሁ። መልሱን እኔ አውቀዋለሁ፤ ያለ ታሪኩ ግን አልሰጣችሁም። ታሪኩ ውስጥ ደግሞ የሥራቸውን ማግኘት የሚገባቸው ሰዎች አሉ። ብዙ ዘመን ዝም ብያቸዋለሁ። ዛሬ ብዕሩ እኔ እጅ ላይ ነው።

የራሴን ስም አልነግራችሁም። የሚያውቁኝ ያውቁኛል፤ ለሌላው ምን ይጠቅመዋል? የሴትዮዋን ስም ግን እነግራችኋለሁ፤ ትርንጎ ትባላለች። ባሌን የወሰደችብኝ ሴት ናት።

አትደንግጡ፤ እኔ ያኔ ደንግጬ ጨርሻለሁ። በደርግ ጊዜ ከጎንደር በመተማ በኩል ወጥተን ገዳሪፍ ስንገባ ከባሌ ጋር ነበርኩ። ገብተን ሳንደላደል ሰውዬው ትርንጎ ቤት ገባ። አገሩ ሁሉ «በመልኳ ነው» አለ። ሐሰት ነው፤ መልኳንም አይቻለሁ፣ የእኔንም አውቃለሁ። በመኪናዋ ነው። አባቷ ጎንደር የጭነት መኪና ሹፌር ስለነበር መንዳት ከእሱ ተምራለች። ገዳሪፍ መጥታ፣ ጥርሷን ነክሳ ሠርታ፣ አንዲት ያረጀች ቦክስ ገዛች። ሱዳኖች ኋላዋ ክፍት የሆነችውን ትንሿን የጭነት መኪና ቦክስ ነው የሚሏት። ባሌ ደግሞ በእግሩ መሄድ የማይወድ ሰው ነበር። የፍቅሩ ምስጢር ይኸው ነው። ለእሷም አልሆናትም። አንድ ቀን ወደ ካርቱም የምትሄድ፣ ከቦክሷ የምትበልጥ መኪና አገኘና ተሳፍሮ ቀረ። አውቶቡስ ነበረች ይባላል።

እንግዲህ እኔና ትርንጎ አንድ ሰፈር እያደርን፣ አንድ ገበያ እየዋልን፣ አንድ ሰው ጥሎን ሄዶ፣ አንነጋገርም ነበር። ሰው «ታረቁ» ሲለኝ «አልተጣላንም፤ አንተዋወቅም» እል ነበር። ይህን ስል ደስ ይለኝ ነበር።

ክፋቱ ግን ሥራችን አንድ መሆኑ ነው። በሰሊጥ አጨዳ ጊዜ፣ በሀዋታ መንገድ ላይ ባለ እርሻ፣ ከጎንደርና ከመተማ ቆላ ለሚመጡት አጫጆች የማበስለው እኔ ነኝ። ከከተማ ወደ እርሻው የምታመላልሳቸው እሷ ናት። እሷን ትቼ በሌላ መኪና እንዳልሄድ ሌላ መኪና የለም። ከኋላ ከወንዶች ጋር ተንጠላጥዬ እንዳልሄድ ዕድሜዬ አይፈቅድልኝም። ስለዚህ ጋቢና ገብቼ፣ ከማላውቃት ሴት ጋር ትከሻ ለትከሻ ተጣብቄ፣ ወደ መስኮቱ ዞሬ እሄዳለሁ። መናገር የግድ ሲሆን በመልእክተኛ ነው። የጋቢናው የኋላ መስታወት ወልቋልና ከአጫጆቹ አንዱ ዋሴ የሚባለው የደምቢያ ሰው ሁልጊዜ ጭንቅላቱን በዚያ አስገብቶ ይቆማል። ዋሴ ነገር ይወዳል።

«ዋሴ፣ ለሹፌሯ በሩ እንዳልተዘጋ ንገርልኝ» እላለሁ።

«እትዬ ትርንጎ፣ በሩ አልተዘጋም ይላሉ» ይላል ዋሴ፣ በመካከላችን አንድ ክንድ የማይሞላ ቦታ እያለ።

«ዋሴ፣ ለእመቤቲቱ ንገርልኝ፤ በሩ መዘጋት ከተወ ቆይቷል፣ በእጃቸው ይያዙት።»

«በእጅዎ ይያዙት ተብለዋል፣ እትዬ።»

እንዲህ ነው የምንኖረው። አንዳንዴ ዋሴ ከሁለታችንም ያልወጣ ስድብ ከራሱ ጨምሮ ያደርስ ነበር። ኋላ ነው የነቃሁበት።

አሁን ስለ ቦክሷ አንድ ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ ነገሩ አይገባችሁም። ያቺ መኪና በቁልፍ መነሳት ከተወች ቆይታለች። በሰው ነው የምትነሳው። አጫጆቹ ከኋላ ሆነው «ሆ!» እያሉ ይገፏታል፤ ትርንጎ ቶቧን፣ የሱዳን ሴቶች የሚከናነቡትን ረጅም ጨርቅ፣ ወገቧ ላይ ጠምጥማ፣ ፍሪሲዮኑን ረግጣ፣ አንገቷን ዘንበል አድርጋ ታዳምጣለች። ምን እንደምታዳምጥ እግዜር ይወቀው። አንድ ቅጽበት አለ፤ ሌላ ሰው ቢሆን አንዴ ቀድሞ አንዴ ዘግይቶ ይስተዋል። እሷ ስትስተው አላየሁም። እግሯን ትለቃለች፣ ሞተሩ ያገሳል፣ ወዲያው ነዳጁን ረግጣ ትፈተለካለች። ቀስ ብላ ልሂድ ብትል ሞተሩ ይጠፋል፤ ያ ሁሉ ግፊያ ከንቱ ይሆናል። አጫጆቹ ታዲያ እንደማትቆም ያውቃሉና ከኋላዋ እየሮጡ፣ አንዱ አንዱን በክንዱ እየጎተተ፣ ተራ በተራ ይንጠለጠሉባታል። የመጨረሻው ሲወጣ ዋሴ ጣራውን በመዳፉ ይደበድባል። ያን ጊዜ ትርንጎ እግሯን ቀለል አድርጋ በተፈቀደው ፍጥነት ትሄዳለች። ለእኛ ይህ ከወንበር እንደ መነሳት ያለ ነገር ነው። ሌላ ዓይነት አነሳስ እንዳለ እንኳ ረስተነው ነበር።

በዚያ ጧት ሰሊጡ ደርሷል ተብሎ ተልኮብናል። ሰሊጥ ከደረሰ ሰው አይጠብቅም፤ ቅርፊቱ በፀሐይ ይከፈትና ፍሬው መሬት ላይ ይረግፋል፣ የዓመት ልፋት የጉንዳን ይሆናል። እኔ ድስቴን ጭኔ ላይ ይዤ ጋቢና ገባሁ። ወንዶቹ ከገበያው ጫፍ፣ ከቁልቁለቱ አናት መግፋት ጀመሩ። ትርንጎ ግራ ቀኙን አየች። ከፊታችን መንገዱ ባዶ ነው። አዳመጠች። ለቀቀች። ሞተሩ አገሳ፣ እኛም ተፈተለክን።

ሰሌዳው የቆመው ቁልቁለቱ እግር ላይ ነው። ከሰሌዳው ሥር ደግሞ አንድ ሻዊሽ ቆሟል፤ ሻዊሽ የሃምሳ አለቃ ማለት ነው። አዲስ የመጣ ሰው ነው፣ እኛን አያውቀንም። እንግዲህ ያየውን አስቡት። አንዲት መኪና በአቧራ መሃል ተወርውራ ትመጣለች። መሪው ላይ ሴት ናት። ከኋላዋ ብዙ ወንዶች እየጮሁ ይሮጣሉ። አንዱ ጫማው ወልቆ በአንድ እግሩ ነው የሚሮጠው። ሻዊሹ የትም አገር ያለ ፖሊስ የሚያስበውን አሰበ፤ ወይ ሰው ገጭታ ታመልጣለች፣ ወይ መኪና ሰርቃለች። ፊሽካውን ነፋ፤ መንገዱ መሃል ገብቶ ሁለት እጁን ዘረጋ።

ትርንጎ ፍሬን ያዘች። ሞተሩ ጠፋ። ከኋላ አጫጆቹ በአንድ ድምፅ «ወይኔ!» አሉ። ጩኸታቸው ለእኛ አይደለም፣ ለግፊያው ነው።

«ማንን ገጨሽ?» አላት ሻዊሹ።

«ማንንም።»

«ታዲያ እነዚህ ለምን ያሳድዱሻል?»

«አያሳድዱኝም፤ የእኔ ሰዎች ናቸው። እየተሳፈሩ ነው።»

«ሰው የሚሳፈረው መኪና ቆማ ነው።»

«እሷ ከቆመች አትነሳም» አለች ትርንጎ።

ይህን ሁሉ በሱቅ አረብኛዋ ነው የምትለው፤ ለመንገድና ለገበያ የሚበቃ አረብኛ አላት። ስለ እኔ ከጠየቃችሁ፣ አረብኛ እንደ ውሃ እጠጣዋለሁ። ልጅ ሆኜ መተማ ነው ያደግሁት። ነገር ግን ገዳሪፍ ከገባሁ ጀምሮ አንዲት ቃል ከአፌ አላወጣሁም፤ የማላውቅ መስዬ ኖርኩ። ለምን በሉኝ። ከእኛ ወገን የሆኑት ሴቶች እኔን ማማት ሲፈልጉ በአረብኛ ነበር የሚያሙኝ፣ እዚያው አጠገቤ ሆነው። በርበሬ የምትሸጠው ሴት ስለ ወጤ ምን እንዳለች አውቃለሁ። «ባሏ የሸሸው ከእጇ ጨው ነው» ብላለች። ሰምቼ ፈገግ እያልኩ «እንዴት ዋልሽ እህቴ» ስላት ኖሬያለሁ። የሰው ልብ እንዲህ ወለል ብሎ የሚታይበት መስኮት ማን ይዘጋል?

ወደ ሻዊሹ ልመለስ። የተገጨ ሰው እንደሌለ፣ መኪናዋም እንዳልተሰረቀች ሲያውቅ ፊቱ ወደቀ። ሰው ተሰብስቦ ያየዋል። ፊሽካ ነፍቷል፤ ፉጨት ተመልሶ አይዋጥም። አሰበና ሰሌዳውን በጣቱ አሳያት።

«ስንት ይላል?»

«ሠላሳ።»

«ስንት ላይ ነበርሽ?»

«ሠላሳ ላይ። ናና የፍጥነት መቁጠሪያውን እይ። ከዚች መኪና ላይ የሚሠራ እሱ ብቻ ነው።»

«ሠላሳ እንደነበርሽ እኔም አይቻለሁ» አለ ሻዊሹ፤ ሐቀኛ ሰው ነው፣ አልዋሸም። «ግን በጣም ቶሎ ደረስሽበት።»

ትርንጎ ከመኪናዋ ወረደች። እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ ሰሌዳውን ከላይ እስከ ታች አየችው። ከኋላው ዞራም አየችው። «ሠላሳ መድረስ ይፈቀዳል ይላል። መቼ እንደምደርስ የተጻፈው የት ላይ ነው?» አለችው።

እውነቱን ልናገር፤ ያን ጊዜ ፊቴን ወደ መስኮቱ ያዞርኩት ጥላቻዬ አገርሽቶብኝ አይደለም። ስስቅ እንዳታየኝ ነው።

የተሰበሰበው ሰው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ «ሕጉ ስለ ፍጥነት ነው፣ ፍጥነቱን ጠብቃለች» አለ። ሌላው «ሰውን እንዲህ ደንገጥ አድርጎ ማለፍ ራሱ ጥፋት ነው» አለ። አንድ ሽማግሌ ከአህያቸው ሳይወርዱ፣ አህያቸውም ሲነሱባት እንዲህ እንደምትሆን፣ ኋላ ግን እንደምትረጋ መሰከሩ። ሻዊሹ ግን መንጃ ፈቃዷን ከእጇ ወስዶ ኪሱ ከተተና «ጣቢያ» አለ።

እዚህ ላይ የትርንጎ ፊት መቀየሩን አየሁ። የምንስቅበት ነገር አልነበረም። ገዳሪፍ ውስጥ መንጃ ፈቃድ ያላት የሐበሻ ሴት እሷ ብቻ ናት። እንዴት እንዳገኘችው ከተማው ያውቃል፤ ሴት ናት፣ ስደተኛ ናት እያሉ ሲመልሷት በር ላይ እየተቀመጠች፣ እስኪሰለቹ ድረስ እየመጣች ነው ያወጣችው። ያ ወረቀት ከሄደ እንጀራዋ ሄደ። መኪናዋንም የሚወስድ ሰው ተዘጋጅቶ ተቀምጧል።

እሱ ሰው መኳንንት ይባላል። የባሌ ወንድም ነው፤ የእሷም ባል ወንድም ነው፤ አንድ ሰው መሆኑን አትርሱ። መኳንንት አረብኛው ጥሩ ስለሆነ ፍርድ ቤት የሐበሾች አስተርጓሚ ሆኖ ተቀጥሯል። ወንድሙ ካርቱም ከቀረ ወዲህ «ቦክሷ የወንድሜ ናት» እያለ ሲያወራ ነበር። ወንድሙ ለዚያች መኪና ያደረገላት ነገር ቢኖር መቀመጥ ብቻ ነው። መኳንንት እንዲህ ማለት ልማዱ ነው። ባሌ እኔን ትቶ የሄደ ሰሞን ቤቴ መጥቶ፣ ያንን በገመድ የተሠራውን አልጋዬን፣ አንገረቡን፣ «የወንድሜ ነው» ብሎ በጀርባው ተሸክሞት ሄዷል። እኔ ቆሜ ሳየው። መሬት ላይ ነው ያደርኩት። ይህን የጻፍኩት እንዲያነበው ነው።

ጣቢያ ደረስን፤ መኪናዋን እየገፋን ነው የደረስነው። አዛዡ ጠረጴዛው ላይ ሆኖ ሻዊሹን ጠየቀው።

«ፈጥናለች?»

«አልፈጠነችም ጌታዬ።»

«ሰው ገጭታለች?»

«አልገጨችም።»

«ታዲያ ለምን አመጣሃት?»

«ጌታዬ፣ ሕጋዊ በሆነው ፍጥነት ሕገ ወጥ በሆነ አኳኋን ነው የሄደችው።»

አዛዡ ዐይኑን ጨፈነ። ሌሎች ፖሊሶችም መጥተው ገቡበት። አንዱ «አቧራ አንስታለች» አለ። ሌላው «በገዳሪፍ አቧራ ያላነሳ ማን አለ?» አለው። አንዱ ጎማዋ ጮኾ እንደሆነ ጠየቀ። ዋሴ በመስኮት ጭንቅላቱን አስገብቶ «ጎማዋ ለመጮህ ጥርስ ያስፈልገዋል፤ ከተላጨ ቆይቷል» ብሎ ጎማዋን አሳጣት። ዝም እንዲል በክርኔ ጎሸምኩት። በመጨረሻ አዛዡ «ይሄ የዳኛ ጉዳይ ነው» ብሎ ገላገለን፤ ፍርድ ቤቱ ግቢው ማዶ ነው። ፀሐይዋ ወጥታ እየተኮሰች ነው። ሰሊጡን አስባለሁ። አጫጆቹም ያንኑ ያስባሉ።

ዳኛው ከሲታ፣ መነጽር ያደረጉ ሽማግሌ ናቸው። እዚያ ዳኛን «ሞላና» ነው የሚሉት። ሞላና ክሱን ከሻዊሹ ሰምተው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ መንጃ ፈቃዱን ጠረጴዛው ላይ ከፊታቸው አደረጉት። መኳንንት ነጭ ጀለቢያውን ለብሶ፣ ጺሙን አበጥሮ፣ ከትርንጎ አጠገብ ቆመ። እኔን ሲያይ በአክብሮት እጅ ነሳኝ። አልጋዬ ላይ የሚተኛ ሰው ነው እንግዲህ።

«መኪናዋን በኃይል አስነስተሻል፤ ምን ትያለሽ?» አሉ ሞላና። መኳንንት ይህን በትክክል ተረጎመላት።

ትርንጎ ቀጥ ብላ ቆመች። «በኃይል አስነስቻለሁ። ሕጉ ስንት ላይ እንደምሄድ ነግሮኛል፣ እሱን አክብሬያለሁ። አነሳሴን የሚከለክል ካለ ይነበብልኝና እቀጣለሁ» አለች።

መኳንንት ወደ ሞላና ዞረ። ጎንበስ አለ። በሚያምር አረብኛ እንዲህ አለ። «ሞላና፣ ጥፋተኛ ነኝ ትላለች። ሴት ነኝ፣ መኪናዋ ከአቅሜ በላይ ሆናብኛለች ትላለች። ከእንግዲህ መሪ ባልይዝና ከባሌ ቤተሰብ ወንድ ቢረከበኝ ደስ ይለኛል ትላለች።»

ሞላና በኀዘኔታ አዩዋት። ብዕራቸውን አነሱ፤ በሌላው እጃቸው መንጃ ፈቃዱን ጎተቱ። የሱቅ አረብኛዋ እዚህ አይደርስምና ትርንጎ ጥሩ ነገር የተባለላት መስሏት ትጠብቃለች።

እኔ ምን ተሰማኝ? ይህን ቀን ስንት ዘመን ስመኘው ኖሬያለሁ። እኔ ጣቴን ሳላነሳ፣ ቃል ሳልተነፍስ፣ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ትርንጎ ነገ በእግሯ ገበያ ስትሄድ ታየኝ። ደስ የሚል ነው። ከዚያ ደግሞ መኳንንት መሪውን ይዞ ታየኝ። ይህ ግን ደስ አይልም። እሱ ሲያስነሳት ታየኝ፤ ሳያዳምጥ፣ ቀድሞ ለቅቆ፣ ሞተሩን አንቆ። ያቺን መኪና! እሷ ያን ያህል የምታውቃትን መኪና!

«ከዛብ!» አልኩ። ውሸታም ማለት ነው።

ከኋላ ዋሴ «እናቴ ድረሽ! እትዬ አረብኛ!» ሲል ሰማሁ። ፍርድ ለማየት ከመጡት መሃል በርበሬ ነጋዴዋ ነበረች፤ ዘወር ብዬ አየኋት። አማተበች። ሰባት ዓይነት ሐሜቷን አንድ በአንድ እያስታወሰች መሆኑ ከፊቷ ይነበባል።

«ሀጃ፣ ምን አልሽ?» አሉኝ ሞላና። ትልቅ ሴት ሲያከብሩ ሀጃ ነው የሚሉት፤ አንገቴ ላይ ማተብ እያዩ ነው።

«ሞላና፣ ይህ ሰው የሴትዮዋን ቃል በልቶታል» አልኩና ያለችውን ሁሉ፣ ምንም ሳላጎድል፣ በአረብኛ አሰማኋቸው። የአልጋዬንም ነገር ልጨምርበት አሰብኩና ጊዜው አይደለም ብዬ ተውኩት።

ሞላና መኳንንትን ለረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ከአሁን ጀምሮ አንቺ ትተረጉሚያለሽ» አሉኝ።

ይህን አልጠበቅሁም። የማላውቃት ሴት አጠገብ ሄጄ ቆምኩ። እሷም አየችኝ፣ እኔም አየኋት። መልእክተኛው ዋሴ ሩቅ ነው።

«ንገሪልኝ» አለችኝ። «ገዳሪፍ ውስጥ ከእኔ የተሻለ መኪና የሚያስነሳ ሰው የለም በይልኝ።»

«ይሄንንም ልበል?»

«ቃል ሳታጎድይ። አስተርጓሚዬ ነሽ አይደል።»

ወደ ሞላና ዞርኩ። «ገዳሪፍ ውስጥ ከእኔ የተሻለ መኪና የሚያስነሳ የለም» አልኩ።

«አንቺም ትነጃለሽ?» አሉኝ ሞላና ተገርመው።

«እሷ ናት ሞላና። እኔ አፏ ብቻ ነኝ።»

«ግን ጎኗ ነበርሽ። የምትለው እውነት ነው?»

አሁን ትርንጎ አረብኛው ገብቷታል። ዐይኗን መሬት ላይ ተክላለች። እጇ ቶቧን ጨምድዶ ይዟል። ያን ያህል የምትፈራ ሰው አትመስለኝም ነበር።

«እውነት ነው» አልኩ። «ሌላ ነገሯን አትጠይቁኝ እንጂ ይሄ እውነት ነው።»

«ስትነሳ አልወረወረችሽም?»

«ድስቴ ጭኔ ላይ ነበር። ክዳኑ አልተንቀሳቀሰም።»

«ከእሷ ጋር ስትሄጂ አትፈሪም?»

«ሁልጊዜ እፈራለሁ ሞላና። መንዳቷን ግን አይደለም።»

ሞላና ጢማቸውን ዳሰሱ። «ሕጉ ሁለት ነገር ይጠይቃል» አሉ። «አንዱ ሰሌዳው ላይ ያለው ቁጥር ነው፤ እሱን ጠብቃለች፣ ከሳሹም አልካደም። ሁለተኛው፣ ሹፌሩ ለሌላው ሰው መጠንቀቁ ነው። ይሄኛው ሰሌዳ ላይ አይጻፍም። እሱን በዐይኔ ማየት አለብኝ። ተነሱ፣ ታስነሳልኝ።» መንጃ ፈቃዱን ኪሳቸው ከተቱ።

ግቢው ውስጥ ግልብጥ ብለን ወጣን። ሞላና የእኔ ቦታ ላይ፣ ጋቢና ገቡ። እኔን ለትርጉም ከኋላ ጭነው በዋሴ መስኮት አስቆሙኝ፤ በዕድሜዬ እዚህ ደረስኩ። ሻዊሹ «የራሷ ሰዎች ከገፉ ያመቻቹላታል» ብሎ ስለተከራከረ ፖሊሶቹ ራሳቸው እንዲገፉ ታዘዘ። አዛዡ ሳይቀር እጅጌውን ሰበሰበ። ግፊያ አያውቁም፤ አንዱ ሲገፋ አንዱ ያርፋል፣ ቦክሷ እንደ ግመል ትወዛወዛለች። ዋሴ አላስችለው ብሎ ከጎን እየሮጠ «አብራችሁ! ሆ በሉ!» ይላቸዋል። የገዳሪፍ ፖሊስ በአማርኛ «ሆ!» ሲል የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ግቢውን አቋርጠው፣ ላባቸው ጠብ እያለ፣ ከፍርድ ቤቱ በር አልፈው ወደ መንገዱ አወጡን። ትርንጎ አንገቷን ዘንበል አደረገች። ግራ አየች፣ ቀኝ አየች። ለቀቀች። ሞተሩ አገሳ። ተፈተለክን! የሞላና ጀርባ መቀመጫው ላይ ተለጠፈ፤ ከኋላ ሆኜ ጥምጥማቸውን ብቻ ነው የማየው፤ ንቅንቅ አላለም። በትከሻቸው ላይ አሻግሬ መቁጠሪያውን አየሁ፤ ቀስቱ ተወርውሮ ሠላሳ ላይ ቆመ። እንደተቸነከረ ቆመ። ምን ዓይነት እግር ነው ያላት! እንዲህ ያለ እግር ያላት ሴት ባሌን ወሰደችብኝ ቢባል፣ ለባሌ ነው የማዝነው፤ ምን እንደተቀመጠበት ሳያውቅ ወረደ።

ልክ ያን ጊዜ ከአጥሩ ጥግ አንዲት ፍየል ብቅ አለች። መንገዱ መሃል መጥታ ቆመችና ወደ እኛ አየች።

ጎኗ ማለፊያ ነበረ፤ ጠባብ ቢሆንም ነበረ። ሌላ ሹፌር ቢሆን፣ መንጃ ፈቃዱ በዳኛ ኪስ ውስጥ እያለ፣ ፖሊስ ሁሉ ሲያየው፣ ሞተሩ ከጠፋ ያበቃል ብሎ ጥሩምባውን ነፍቶ ይሾልክ ነበር። ትርንጎ ፍሬን ያዘች። ቆምን። ሞተሩ ተንገጫግጮ ጠፋ።

ከሩቅ ሻዊሹ ሲስቅ ተሰማኝ። «አቃታት!» አለ። ፖሊሶቹ ግን አልሳቁም፤ ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰዋል፤ እንደገና መግፋት ሊኖር ነው ብለው።

ሞላና ወደ ትርንጎ ዞሩ። «ባትቆሚ ኖሮ ሞተሩ አይጠፋም ነበር?» አሉ። ተረጎምኩላት።

«አይጠፋም።»

«ዛሬ መጥፋቱ ምን ሊያመጣብሽ እንደሚችል ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ለምን ቆምሽ?»

ትርንጎ ሰውዬው ታመው እንደሆነ ለማወቅ የፈለገች ያህል ፊታቸውን አየች። ከዚያ በእጇ ከፊታችን ያለውን አሳየቻቸው። «ፍየል ናታ!» አለች።

«ፍየል ናት፣ ሞላና» ብዬ ተረጎምኩ።

ፍርዱን እዚያው፣ ከጋቢናው ሳይወርዱ ነው የሰጡት። «ቶሎ መነሳት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ከፊትሽ ሰው እያለ፣ ወይ ሕፃን፣ ወይ የሰው ከብት እያለ እንዲህ ብትነሺ፣ አምስት ላይ ብትሄጂም እቀጣሽ ነበር። ነገር ግን የራሷን ጉዳይ ለፍየል ብላ ያቆመችን ሴት ግድ የለሽ ብዬ አልፈርድባትም።» ትንሽ አሰቡና ጨመሩ። «ሰዎችሽ እየሮጡ ይንጠለጠላሉ የተባለውን ግን አላየሁም። እንዳላይም አድርጊ።»

መንጃ ፈቃዱን አወጡ። ትርንጎ ተቀብላ ቶቧ ጫፍ ላይ ቋጠረችው።

መኳንንት ይህን ጊዜ ወደ መስኮቱ ቀረብ ብሎ «ሞላና፣ የወንድሜ ንብረት ስለሆነች...» ብሎ ጀመረ።

ሞላና ከላይ እስከ ታች አዩት። «የሚተረጎም ነገር አለህ?»

«የለኝም ሞላና።»

«እንግዲያው ግፋ» አሉት።

ገፋ። ያ ነጭ ጀለቢያ፣ ያ የተበጠረ ጺም! አጫጆቹ መሃላቸው አስገብተው «አያ መኳንንት፣ ደህና ይግፉ እንጂ! አልጋ እኮ ብቻዎን ይሸከማሉ!» ይሉታል። የአልጋዬን ነገር ማን እንደነገራቸው አላውቅም፤ እኔ እንደሆንኩ አልነገርኳቸውም። ሞተሩ አገሳ፤ አጫጆቹ እየሮጡ ተንጠለጠሉ፤ ሞላና ጀርባቸውን ሰጥተው ሰማዩን ያዩ ነበር። መኳንንት አቧራ ውስጥ ቀረ። እንደዚያ ሆኖ ነው እስከ ዛሬ የሚታየኝ፤ ሌላ መልኩን ረስቼዋለሁ።

ሀዋታ መንገድ ላይ ስንደርስ ጋቢናው ውስጥ እንደ ወትሮው ዝም ተባብለናል። ዋሴ ጭንቅላቱን አስገብቶ የሚያደርሰው መልእክት ቢጠብቅ፣ ከሁለታችንም የሚወጣ አልነበረም። ትርንጎ ሠላሳን ሳታልፍ፣ ዳኛው አሁንም ጎኗ የተቀመጡ ያህል ተጠንቅቃ ትሄዳለች። እኔ ወደ መስኮቱ ዞሬያለሁ፤ ሜዳው እስከ ሰማዩ ጫፍ ተዘርግቷል፣ ከሩቅ የሰሊጡ ማሳ ወርቅ መስሎ ይታያል፤ ደርቋል ማለት ነው። የከተማውን የመጨረሻ ሰሌዳ አለፍን።

ትርንጎ በመስታወቷ ወደ ኋላ አየች።

«ከዚህ ወዲያ ሰሌዳ የለም» አለች፤ ለእኔ ትበል ለመንገዱ አላወቅሁም።

ድስቴን ጭኔ ላይ አጥብቄ ያዝኩ።

«ታዲያ ምን ያንቀረፍፍሻል?» አልኳት።